ታች የቆመችው አህያ

ተረቱን የማያውቅ የለም። አያ ጅቦ ከወንዙ ራስጌ፣ እመት አህያ ከግርጌ ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። አያ ጅቦ ቀና ብሎ፣ «አንቺ! ውሃውን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» ይላል። አህያዪቱም፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ከላይ ነዎት፤ እኔ ከታች ነኝ። ውሃ ከታች ወደ ላይ ይፈሳል እንዴ?» ትላለች። የረባ መልስ ነው። ዳኛ ቢኖር ኖሮ ይፈረድላት ነበር። ተበላች።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ይህን ተረት ሳላነሣ ያለፍኩበት ዓመት የለም። ተማሪ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ጉልበተኛ ሰበብ አያጣም። ልክ ነው፤ ማርክም ሰጥቼበታለሁ። ዛሬ ግን ጅቡን ልተወውና አህያዪቱን ብቻ ልያዝ። እሷ የተማመነችው በሕግ አዋቂ አይደለም፤ በውሃ ጠባይ ነው። ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሽቅብ አይመለስም፤ ስለዚህ ታች ያለ ላይ ያለውን ሊያደፈርስበት አይችልም። እንግዲህ የሚገርመው፣ ስንት ዘመን ሲሠራ የኖረው ይህ ሕግ ውሃው ቧንቧ ውስጥ የገባ ዕለት መሻሩ ነው። እኛ ግን ሽረቱን ገና አልሰማንም።

የጎጃም ደጋ ሰው የኖረው በአህያዪቱ ሕግ ነው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከሱ የሚፈልቀው ምንጭ ጅረት፣ ጅረቱም ወንዝ እየሆነ በየአቅጣጫው ይወርዳል፤ መጨረሻው ዓባይ ነው። በእንዲህ ያለ አገር «ላይ» እና «ታች» አቅጣጫ ብቻ አይደሉም፤ ማዕረግም ናቸው። የምንጩ ዓይን በእሾህ ወይም በድንጋይ ይታጠራል። ሰው ከዓይኑ ይቀዳል፤ ከብት ዝቅ ብሎ ይጠጣል፤ ልብስ የሚታጠበው ከከብቱም በታች ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያዛባ እረኛ ከማንም ትልቅ ሰው ጅራፍ ይቀምሳል እንጂ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ አይጠየቅም። በመስኖ ጊዜ ደግሞ «የውሃ አባት» አለ፤ ተራ ያስይዛል፣ ከተራው ውጭ ቦይ የቆረጠውን ይቀጣል። ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ግን ይፈራል።

ጥበቃው ከፍ ሲል ቅድስና ይሆናል። ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይን ያየ ሰው ያውቃል። ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚያ ደርሰው የዓባይን ምንጭ አየን ብለው ለዓለም አወሩ። ሁለቱም ያዩት ትንሽ የውሃ ዓይን ነው። የአገሩ ሰው ግን ያን ትንሽ ዓይን በሃይማኖቱ ሲጠብቀው ኖሯል፤ ጠበል ነውና ማንም እንዳሻው እግሩን የሚነክርበት አይደለም። በጤና ባለሙያ አፍ እንናገር ካልን፣ ይህ የመነሻ ጥበቃ ነው። ውሃውን ከዓይኑ ጠብቀው፤ የቀረውን ቁልቁለቱ ይጠብቅልሃል።

በሽታ ሲመጣም መልሱ ያው ነበር፦ ወደ ላይ ውጣ። ኮሌራ (የድሮ ሰው «ፈንግል» ይለው ነበር፤ ዛሬ ስሙ ለዶሮ በሽታ ቀርቷል) በ1858 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ ጣና ዳር ሰፍሮ በነበረው የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ላይ ገባ። ከታሰሩት አውሮፓውያን አንዱ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ፣ ሠራዊቱ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ደጋ እንዲወጣ መከረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ደብረ ታቦር ተነሡ። ያኔ በአውሮፓም ቢሆን ኮሌራ በውሃ እንደሚተላለፍ የሚያምነው ጥቂት ሰው ነበር። ጆን ስኖው ለንደን ውስጥ የብሮድ ስትሪትን የውሃ መቅጃ እጀታ ያስነቀለው በ1854 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን ገና በሽታውን ከመጥፎ አየር ነበር የሚያያይዙት። ብላንክም አየር ይሁን ውሃ ብቻ ከረከሰው ስፍራ ሽሹ ነው ያለው። ለማንኛውም ደጋ መውጣት ጠቀመ።

ደብረ ማርቆስም ደጋ ላይ ነው የተቆረቆረችው። በ1845 ዓ.ም. ገደማ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ሲመሠርቷት ስሟ መንቆረር ነበር። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ተብለው የነገሡት ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው አደረጓት፤ ከተማዋም ኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ተጠራች። እሳት ሲነሣ የዚያ ዘመን ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ኡኡታ ይሰማል፣ ሰው ይግተለተላል፤ ያገኘው በእንስራ ውሃ፣ ያላገኘው በቅጠልና በአፈር እሳቱን ይደበድባል፤ ካልሆነም የጎረቤቱን ጣራ ሣር ገፎ እሳቱን ያስርበዋል። ውድመቱ ብዙ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ እሳት ማጥፋት የማንንም የመጠጥ ውሃ አያበላሽም። መቶ እንስራ ከምንጩ ቢቀዳ ምንጩ ይደፈርሳል እንጂ በሰላሳ ጎጆ ውስጥ ያለው የመጠጥ እንስራ ምን ሊሆን ነው? የአንዱ እንስራ ከሌላው ጋር አልተያያዘ።

የኛ የቧንቧ ታሪክ የሚጀምረው አዲስ አበባ ነው። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ የምንጭ ውሃ በቧንቧ አውርዶ ለዳግማዊ ምኒልክ ግቢ አስገባ። ውሃው ሸለቆ ወርዶ የግቢውን ኮረብታ ሲወጣ ያየ ሰው ጉድ አለ። ውሃ ሽቅብ! ከንጉሡ ሥራዎች ሁሉ ሕዝቡን እንደዚህ ያስደነቀ ጥቂት ነው ይባላል፤ ቢያስደንቅም አይፈረድበትም። የአህያዪቱ ሕግ ሲሻር በዓይናቸው ነው ያዩት።

ግን ያልታየ ነገር ነበር። ሽቅብ መውጣት የቻለ ውሃ መመለስም ይችላል። በቧንቧ ውስጥ «ላይ» እና «ታች» የሚባል ማዕረግ የለም፤ ያለው ግፊት ነው። ውሃ ግፊቱ ካየለበት ግፊቱ ወደ ላላበት ይሄዳል፤ በቃ። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን ከበርሜል በጎማ ቤንዚን የሚስብ ሰው አይታችኋል? አንድ ጊዜ በአፉ ይስባል፣ ከዚያ ቤንዚኑ የበርሜሉን ከንፈር ተሻግሮ ራሱ ይወርዳል። የከተማ ቧንቧም እንደዚያው ነው። በአንድ በኩል በኃይል ሲሳብ፣ በሌላ በኩል ቀዳዳ ያገኘበትን ሁሉ ይመጣል። ቀዳዳው ንጹሕ ሮቶ ውስጥ ከሆነ ንጹሕ ውሃ ይመጣል። ቦይ ውስጥ ከሆነስ?

አሁን ወደ እሳት አደጋው ልግባ፤ የዛሬው ነገሬ እሱ ነውና።

ሃይድራንት የምንለው የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ አመጣጡ ራሱ ከቀዳዳ ነው። የለንደን የድሮ ቧንቧ ከእንጨት ግንድ የተቦረቦረ ነበር። እሳት ሲነሣ ሰዎች መንገዱን ቆፍረው ግንዱን ይበሳሉ፤ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፤ ከዚያ በባልዲ እየጨለፉ ያጠፋሉ። ሲጨርሱ ቀዳዳውን በእንጨት ቡሽ ወትፈው አፈር ይመልሱበታል። ከ1666 እ.ኤ.አ. ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ነገሩ ሥርዓት ያዘና ቡሾቹ አስቀድመው በየመንገዱ ተተከሉ። እንግሊዝኛው እስከ ዛሬ ሃይድራንትን «የእሳት ቡሽ» የሚልበት ጊዜ አለው፤ ቃል ታሪኩን አይረሳም። እስቲ ያን ጉድጓድ አስቡት። የመንገድ ጭቃ፣ የፈረስ ፋንድያ፣ የስንቱ ሰው እግር የገባበት ውሃ፣ ከመጠጥ ውሃው ቧንቧ ጋር በአንዲት ቀዳዳ ተገናኝቷል። ግፊቱ ሲላላ ጭቃው ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም።

ጠያቂው የመጣው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1873 እ.ኤ.አ. ኬምብሪጅ፣ ኬይስ በሚባለው ኮሌጅ ተማሪዎች በታይፎይድ ታመሙ፤ አብዛኞቹ የአንድ ግቢ ነዋሪዎች ነበሩ። ያ ግቢ ደግሞ የሽንት ቤቱ መስመር ሁሉ አዲስ ነበር። ሊመረምር የተላከው ሐኪም ጆርጅ ቡካናን ምንጩን ፈተሸ፣ ደህና ነው። ወተቱን ፈተሸ፣ እሱም ደህና ነው። በመጨረሻ የደረሰበት፣ ውሃው አልፎ አልፎ ሲቋረጥ ቧንቧው በቀጥታ ከተያያዘው ሽንት ቤት ወደ ኋላ መሳቡን ነው። ውሃው ሲመለስ ያንን ይዞ ወደ መጠጫው ሄደ። «ውሃው ሲቋረጥ» የሚለውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን የእግር ኳስ ቡድኑ ታሪክ ነው (የአሜሪካኖቹን፣ በእጅ የሚጫወቱትን ማለቴ ነው)። በማሳቹሴትስ፣ ወስተር ከተማ ቅዱስ መስቀል የሚባል ኮሌጅ አለ። በ1969 እ.ኤ.አ. መስከረም ማብቂያ ላይ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ይዝሉ ጀመር። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ የወፍ በሽታ የምንለው ነው። ሁለት ጨዋታ እንዳደረጉ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ እንዳይጫወት ተወሰነ። ከተጫዋቾቹና ከአሠልጣኞቹ 97 ሰዎች 90ዎቹ ተይዘው ተገኙ። የኮሌጁ ሌሎች ተማሪዎች ግን ደህና ናቸው። አንድ ዓይነት ምግብ፣ አንድ ዓይነት ውሃ፤ ታዲያ ምን ለያቸው?

መርማሪዎቹ ቀን ቆጠሩ። የበሽታውን የመፈልፈያ ጊዜ ወደ ኋላ ሲያሰሉት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወደቀ። ቡድኑ ያን ሰሞን ልምምድ ላይ ነበር፤ የሚጠጣውም ከሜዳው ዳር ከቆመች ቧንቧ ነው። ቧንቧዋ የሣር ማጠጫው መስመር መጨረሻ ላይ ናት። በመስመሩ ላይ መሬት ውስጥ የተቀበሩ የማጠጫ ሳጥኖች አሉ፤ ውሃ ያቁራሉ። በአቅራቢያው ካለ ቤት ሕፃናት እየመጡ በነዚያ ሳጥኖች ይንቦጫረቃሉ፤ ከነሱም የጉበት በሽታው የነበረባቸው አሉ። እስከዚህ ድረስ ምንም የለም። ቧንቧው ግፊት እስካለው ድረስ ሳጥኑ ውስጥ ያለው እድፍ እዚያው እድፍ ሆኖ ይቀር ነበር።

በነሐሴ 29 ግን በከተማው እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋ መኪኖች ደርሰው ሃይድራንቱን ከፍተው ሳቡ። ሥራቸው ነው፤ በደንብ ሠሩ። በዚያ ቅጽበት የአካባቢው ግፊት ወደቀ፤ የሜዳው ቧንቧ ወደ ኋላ ሳበ፤ ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ገባ። እሳቱ ጠፋ፤ ግፊቱ ተመለሰ፤ ልጆቹ ልምምድ ጨርሰው ጠጡ። የሞተ ቤት አልነበረም፣ የተሰበረ ቧንቧ አልነበረም፣ የተሳሳተ ሰው እንኳ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሃይድራንቱ ጋ የነበሩት ሰዎች ከሜዳው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር እንዳለ በምን ያውቃሉ? እንግዲህ አህያዪቱ ይህን ነው ያላወቀችው። ታች ሆና ብትጠጣ፣ ላይ ያለው ይታመማል።

ሌላም አለ፤ አጭር ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና፣ ሻርለት ከተማ፣ የእሳት አደጋ መኪና ከሃይድራንት ጋር እንደተያያዘ የመኪናው ፓምፕ ግፊት ከከተማው ግፊት በለጠና በመኪናው ውስጥ የነበረው የእሳት ማጥፊያ አረፋ ወደ መጠጥ ውሃው መስመር ገባ። ሕዝቡ ውሃ አትጠጡ ተባለ። በወስተር ቧንቧው ሳበ፤ በሻርለት መኪናው ገፋ። ሃይድራንት ሁለቱንም የሚያስተናግድ አፍ ነው።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ አገር ወሬ ነው፤ እኛ ጋ ሃይድራንቱስ የት አለና?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እሮሮ ምንጊዜም አንድ ነው፦ መቅጃው ጥቂት ነው፣ ያለውም አስፋልት ተነጥፎበታል ወይም ውሃ የለውም። ስለዚህ መኪናው ውሃውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ሲያልቅበት ተመልሶ ሊሞላ ይሮጣል፤ ሰዉ ደግሞ «ውሃ ሳይዙ መጡ!» ብሎ ይጮሃል። ግን ሃይድራንት የሚለውን ስም እንተወውና ነገሩን እንያዝ። ትልቅ መኪና የሚሞላበት ትልቅ የቧንቧ አፍ የሌለው ከተማ አለ? የግንባታ ቦቴ፣ መንገድ የሚያርስ ቦቴ፣ ውሃ የጠፋበት ሰፈር የሚያድል ቦቴ፣ የእሳት አደጋ መኪና፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ ይቀዳሉ። የጎማው ጫፍ በቦቴው አፍ ገብቶ ከውሃው ውስጥ ይሰጥማል። ቦቴው ትናንት ምን ጭኖ እንደነበር ጎማው አይጠይቅም። በዚያች ቅጽበት የከተማው ግፊት ቢወድቅ፣ ቦቴው ውስጥ ያለው ወደ ከተማው ይቀዳል።

ግፊቱስ መቼ ይወድቃል? በወስተር እሳት በተነሣ ቀን ነበር። በኛ አገር በፈረቃ ነው። ኬምብሪጅ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ላይ መጣ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ከተማ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ይሞላል፤ በቀሩት ባዶ ነው ወይም ግማሽ ነው። ባዶ ቧንቧ ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም፤ ይተነፍሳል። ሙሉ ሳለ ውሃ ያፈስበት በነበረው ስንጥቅ፣ ባዶ ሲሆን በዙሪያው ያለውን ይስባል። ቧንቧው ከፍሳሽ ቦይ ጋር በአንድ ጉድጓድ ተቀብሮ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በዚህ ላይ አቅም ያለው ሰው ፓምፕ ገዝቶ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ያገናኛል፤ የጎረቤቱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ጉድጓድም እየሳበ ይሆናል። ፈረቃው ሲደርስ መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ለምን ሻይ እንደሚመስል ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? «ዝገት ነው» ይሉናል። ዝገትስ በሆነ።

እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ተዳፋት ከተማ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ 62,497 ሰው ነበራት። ያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል የጀመረበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሕንፃውም ሰዉም ወደ ጎንም ወደ ላይም ጨምሯል። በተዳፋት ላይ ታች ያለ ትልቅ አፍ ሲከፈት ውሃው ወደዚያ ይደረመሳል፤ ቀድሞ የሚደርቀውም ቀድሞ የሚስበውም ላይ ያለው ሰፈር ነው። ምንጩን ተማምኖ፣ «እኛ ላይ ነን» ብሎ የሚኖረው ማለት ነው። ጅቡ ለካ አንድ ነገር ጠርጥሮ ኖሯል።

ጊዜውም አይረዳንም። የደጋው እሳት የሚነሣው በበጋ ነው፦ ሣሩ ሲደርቅ፣ ነፋሱ ሲነሣ፣ ከጥር እስከ ግንቦት። ምንጭና ጉድጓድ የሚሸሸውም፣ ፈረቃው የሚረዝመውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የእሳት አደጋው መኪና ብዙ ውሃ የሚስበው ቧንቧው በጣም በደከመበት ወር ነው። ከዚያ ሰኔ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የየጓሮውን ሽንት ቤት አጥቦ በየቦዩ ያወርደዋል። የበጋው ስንጥቅ የክረምቱን ጎርፍ ይጠብቃል። አተት የሚባለው ስም ወደ ቤታችን ከገባ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሬዲዮው እጃችሁን ታጠቡ ይለናል። መልካም ምክር ነው። በየትኛው ውሃ የሚለውን ግን ለኛ ትቶታል።

አንድ እሳት አደጋ መከላከል የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። ይህን ሁሉ ስተነትንለት ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ቤት እየነደደ፣ ሰው ውስጥ እየጮኸ፣ ቫልቭ የሚያስታውስ ሰው አለ?» አለኝ። የለም፤ መኖርም የለበትም። እሳት የያዘውን ሰው ቆይ ግፊት ልለካ ማለት እብደት ነው። ሃይድራንት ይቆለፍ፣ ቁልፉም ከቢሮ ይቀመጥ የሚሉትንም አልደግፍም፤ በኛ አገር ቢሮ ያለ ቁልፍ ማለት አባ እገሌ ለቅሶ ሄደዋል ማለት ነው። ቤቱ አመድ ይሆናል።

ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ እሳት አይደለም። ለእሳት ተብሎ የቆመው አፍ በአብዛኛው ቀን የሚከፈተው ለሲሚንቶ፣ ለአቧራ፣ ለመኪና እጥበት ነው። ጥንቃቄው ለነዚያ ቀናት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው፤ መሐንዲሶች «የአየር ክፍተት» ይሉታል። የሚቀዳው ቧንቧ አፉ ከቦቴው ከንፈር በላይ፣ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ይቁም፤ ውሃው በአየር ላይ ወድቆ ይግባ። ግፊት ቢጠፋ ቧንቧው አየር ይስባል እንጂ ቦቴውን አይስብም። ይህ ማለት አንድ ብረት ቋሚ ከነክርኑ፣ አንድ የከተማ ብየዳ ሠራተኛ ከምሳ በፊት የሚጨርሰው። ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭም አለ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ያረጃል፣ አሸዋ ይገባበታል፣ መለዋወጫው መንገድ ሲዘጋ አይመጣም። አየር ግን አያረጅም።

ለእሳቱ ቀን ደግሞ ሥራው ከእሳቱ በኋላ ነው። መስመሩ በኃይል የተሳበበት ሰፈር ውሃው ለጥቂት ጊዜ ተለቅቆ ይጠብ፤ ክሎሪኑ ይለካ፤ ሰዉም «ዛሬና ነገ አፍልታችሁ ጠጡ» ይባል። የዓለም ጤና ድርጅት ከቤት ቧንቧ ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ክሎሪን ይቅር የሚለው ለዚህ ነው፤ መንገድ ላይ ሳይታሰብ ለገባው እንግዳ መቀበያ ይሆናል ብሎ ነው። ብዙ እድፍ ከገባ ግን ያች ቅንጣት ክሎሪን ምንም አትፈይድም። የመቅጃው ጉድጓድ ክዳንም ነገር አለ። ብረት ነውና ይሰረቃል፤ ክዳን የሌለው ጉድጓድ በነሐሴ ምን እንደሚሞላ መናገር አያስፈልገኝም። አዳዲሶቹ ፎቆች ደግሞ የራሳቸውን ጣጣ ይዘው መጥተዋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከወጣበት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ትልልቅ ሕንፃ የእሳት መከላከያ መስመር ይኑረው ይባላል፤ ደግ ነው። በዚያ መስመር ውስጥ ውሃው ዓመት ሙሉ ቆሞ ይሸታል። ከመጠጡ መስመር ጋር የተገናኘ እንደሆነ፣ ፎቁ ሳይቃጠል ነዋሪው ይታመማል።

የከበደው ብረቱ አይደለም፤ ባለቤቱ ነው። ቧንቧው የውሃ አገልግሎቱ ነው፤ መኪናው የእሳት አደጋው ነው፤ መንገዱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ በሽታው የጤና ቢሮው ነው። መቅጃው በአራቱ መካከል መንገድ ዳር ቆሟል። በጎጃም መስኖ አንድ ቦይ አራት ጌታ አይኖረውም፤ አንድ የውሃ አባት ነው ያለው። እሱም ቦይ ከቦይ የት እንደሚገናኝ፣ የትኛው ማሳ ተዳፋት እንደሆነ፣ ማን በሌሊት እንደሚቆርጥ በቃሉ ያውቃል። ከተሞቻችን ቧንቧውን ከፈረንጅ ሲቀበሉ የውሃ አባትነቱን ከአባቶቻቸው አልተቀበሉም። በየከተማው አንድ ሰው፣ በስም የሚታወቅ፣ ስልኩ የሚነሣ፣ የትላልቅ አፎቹን ካርታ የያዘ፣ «ዛሬ ከዚህ የሚቀዳ የለም» ሲል የሚደመጥ ሰው ቢሾም ስንት ያስወጣል?

ልጅ ሆነን ሰፈራችን ቦኖ ነበር። እንስራና ባልዲ ተሰልፎ፣ አንዲት ቁጡ ሴትዮ ሳንቲም ይቀበላሉ። እንስራ ቢሰበር አይቆጡም፤ ሰልፍ ቢጣስ ይሳደባሉ እንጂ ያልፉታል። አንድ ነገር ግን አያልፉም ነበር። ልጅ ጎንበስ ብሎ አፉን ከቧንቧው አፍ ላይ ያገናኘ እንደሆነ ኩርኩሙ እስከ ማታ ያቃጥላል። «በእጅህ ጠልፈህ ጠጣ! አፍህን አታስነካ!» ይሉ ነበር። ማን እንዳስተማራቸው እንጃ፤ የአየር ክፍተት ማለት እሱ ነው። በዚያው ቦኖ አጠገብ የመንገድ ሥራ ቦቴ ሲሞላ ትዝ ይለኛል፤ ጎማውን ሆዱ ድረስ ውጦ፣ ሰዓት ሙሉ። እሱን የሚኮረኩም አልነበረም።